ላኪ ያጣ መልእክተኛ

ወንጌላዊ ደምመላሽ አሜሪካ፣ ኦክላንድ ከተማ ሲደርስ የኬንያ የመኖሪያ ፈቃዱ ሊያበቃ የቀረው ዐሥራ አንድ ቀን ብቻ ነበር። ከስድስት ዓመት በፊት እሱንና ሚስቱን ካሳነሽን ወደ ቱርካና በረሃ የላኳቸው እዚሁ ከተማ ያሉ ሽማግሌዎች ናቸው። እጃቸውን ጭነው ጸልየው፣ «እናንተ ሂዱ፤ ከኋላችሁ እኛ አለን» ብለዋቸው ነበር።

በየወሩ በቴሌግራም ግሩፕ የድምፅ መልእክት ይልክላቸዋል፤ ማን እንዳመነ፣ ማን እንደታመመ። መጀመሪያ ሰሞን መልሱ ይጎርፍ ነበር። ኋላ እየሳሳ ሄዶ፣ ሰባት ወር ሙሉ ጭጭ አለ። ፈቃዱን ለማሳደስ ደግሞ የላኪዋ ቤተ ክርስቲያን ደብዳቤ የግድ ነው። ቢቸግረው ራሱ መጣ።

ምክንያቱን የሰማው እዚህ ነው። ቤተ ክርስቲያኗ ለሁለት ተከፍላለች። ማኅተሙ ኦክላንድ ከቀሩት ጋር፣ የምዝገባ ወረቀቱ ወደ ጎረቤት ከተማ ሳን ሆዜ ከሄዱት ጋር ነው። ስሙ የማን እንደሆነ ገና ፍርድ ቤት አልወሰነም።

መጀመሪያ ሳን ሆዜ ሄደ። የዚያኛው ወገን መሪ ፓስተር ፍቅሬ አቅፎት አለቀሰ፤ ለፊርማ አዘጋጅቶ ያመጣውን ደብዳቤ ሲያይ ግን እጁን ሰበሰበ።

«ወንድሜ፣ ለክሱ የያዝነው ሎየር በቤተ ክርስቲያኗ ስም ምንም ነገር ሳይን እንዳታደርጉ ብሎናል።»

«አንድ መስመር እኮ ነው! እኛ ነን የላክነው የሚል።»

«እኛ ማን ነን? ክሱ በዚሁ ጥያቄ ላይ ነው እኮ።»

ባርት በሚሉት ባቡር ወደ ኦክላንድ ተመለሰ። ከሚልፒታስ ጣቢያ ጀምሮ ሌላ በር እንዳለ ቢያስብ፣ ቢያስብ፣ ከጋሼ ግርማቸው በር በቀር አልመጣለትም። ሲላክ እጃቸውን ጭነው ከጸለዩለት ሽማግሌዎች አንዱ እሳቸው ነበሩ፤ አሁን ሰማንያ ሊሞላቸው ነው።

«ማኅተሙ እዚህ መሳቢያ ውስጥ አለ» አሉት። «ግን ወረቀቱ እነሱ ጋ እያለ ብመታልህ ምን ይረባሃል? ፎርጀሪ ነው፣ ሐሰተኛ ሰነድ ነው ብለው ይከሱናል።»

ደምመላሽ ተንበርክኮ ጉልበታቸውን ያዘ። «ጋሼ፣ በእግዚአብሔር! ጳውሎስ ከመንገዱ ሲመለስ የላከችውን አንጾኪያን ሁለት ሆና ቢያገኛት ወዴት ይገባ ነበር? ሠላሳ አራት ሰው አጥምቄአለሁ። ማን ላከህ ሲሉኝ የነገርኳቸው የእርስዎን ስም ነው!»

«ተነሥ ልጄ፤ እባክህ ተነሥ።» ሽማግሌው ትከሻውን ዳበሱት። «ልጅህስ፣ ሄለና፣ እንዴት ናት? ትምህርት ጀመረች?»

እጁ ከጉልበታቸው ላይ ወደቀ።

«ጋሼ… ሄለናን እኮ ቀበርናት። በወባ። ነግሬአችሁ ነበር።»

«መቼ?»

«በጥቅምት። ግሩፑ ላይ። ዝም ስትሉ ቃል ቢያጡ ነው ብለን ነበር።»

ጋሼ ግርማቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። «ተጣልተን ሁላችንም አዲስ ግሩፕ ከፈትን። አሮጌውን ማንም አላየውም። ማንም አልሰማህም፣ ልጄ።»

 ከዚያ ስልኩን እንዲከፍትላቸው ለመኑት። የሰባቱንም ወር መልእክት ተራ በተራ ሰሙ፤ የጥቅምቱን ሁለት ጊዜ። ሲጨርሱ መሳቢያውን ስበው፣ ደብዳቤውን ፈርመው ማኅተሙን መቱለት።

ደብዳቤው ኬንያ ሲቀርብ አልሠራም። ፈራሚው በምዝገባው ላይ ካለው ስም ጋር አልገጠመም ተባለ። ደምመላሽና ካሳነሽ ከአገር እንዲወጡ በተሰጣቸው ሁለት ሳምንት ውስጥ ዕቃቸውን ለጎረቤት አከፋፍለው፣ ትንሿን መቃብር ላጠመቋቸው ሰዎች አደራ ብለው ወጡ።