ከባዩ ቤት በላይ ያለው ስንጥቅ

ባዩ ባሌን ገደለ። ሽማግሌ አስታረቀን፤ ሆዴ ግን አልታረቀም።

ክረምት ሳይገባ ጭቃ ሹሙ አገሬውን ሰብስበው ናዳ የሚያሰጋው የማን ቤት እንደሆነ ጠየቁ።

ተነሳሁ። «የባዩ ነው። እንጨት ስለቅም ከቤቱ በላይ መሬቱ ተሰንጥቆ አይቻለሁ። ዛሬውኑ ይልቀቅ!»

ባዩ ከት ብሎ ሳቀ። «ቂሟ ነው የሚያናግራት! ካባቴ ርስት ልትነቅለኝ ነው!»

በማርያም ብዬ ማልሁ። በማልሁ ቁጥር እልኹ ባሰበት። ሰዉም እሱን አመነ።

በነሐሴ ዳገቱ ተንዶ ባዩን ከነቤቱ ቀበረው።

የስብሰባው ዕለት መካነ ኢየሱስ ከተማ ሄደው የነበሩት መምሬ ቀለመ ወርቅ፣ የሁለታችንም የነፍስ አባት፣ ለቅሶው ላይ ወደ ጥግ ሳቡኝ።

«ምነው ልጄ፣ እስክመለስ ጠብቀሽ ለእኔ ብትነግሪኝ! እልኽ ሳይዘው እኔ ብነግረው ይሰማኝ ነበር።»

«አውቃለሁ፣ መምሬ» አልኋቸው።