በሳሎኑ ስም የወጣ ምክር

ሰፈርተኛው «መቀስ» ይላታል። ስሙ ለሥራዋ ይሁን ለምላሷ እንደወጣላት የሚያውቅ የለም፤ እሷም ጠይቃ አታውቅም። ከጎማ ጠጋኝና ከመነጽር ቤት መሀል በተሰነቀረች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ውሻ ታጥባለች፣ ጸጉር ታስተካክላለች፣ ጥፍር ትቆርጣለች፣ ጆሮ ትጠርጋለች። በሯ ላይ «የውሻ ውበት ሳሎን» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። መጀመሪያ ሰሞን አላፊ አግዳሚው እያነበበ ይስቅ ነበር። ጎማ ጠጋኙ «ጥፍር ቀለምስ ትቀቢያለሽ?» ቢላት «ለአንተ ወረፋ ልያዝልህ?» ብላ አፉን አስይዛዋለች።

በፊተኛው ክፍል፣ ከስልኩ አጠገብ የምትቀመጠው ታላቅ እህቷ ናት። እናታቸው ስትሞት መቀስ ገና ስምንት ዓመቷ ነበር። አበጥራ፣ አልብሳ ትምህርት ቤት ያደረሰቻት፣ ስትታመም ግንባሯ ላይ እርጥብ ጨርቅ ይዛ ያስታመመቻት ይህችው እህቷ ናት። ስለዚህ መቀስ ለሰው ሁሉ መልስ ሲኖራት «እትዬ» ለምትላት ለእህቷ ግን አልነበራትም። እትዬ ስልክ ታነሳለች፣ ቀጠሮ ትይዛለች፣ የሳሎኑን የኢንተርኔት ገጽም ታስተዳድራለች።

ገጹ የተከፈተው ለምክር ነው። ሥራ ሲያበቃ መቀስ ወለሉ ላይ የተከመረውን ጸጉር እየጠረገች ትናገራለች፣ እትዬ ትጽፋለች። «የተጠላለፈ ጸጉር ሳይፈታ አይታጠብም፤ ውሃ ሲነካው ይብሱኑ ይጠብቃል።» «የሰው ሻምፖ ቆዳውን ያደርቀዋል።» የማታውቀውን ነገር ሲጠይቋት ደግሞ «ሐኪም ጠይቁ» ትላለች። እትዬ ይህቺን ቃል አትወዳትም ነበር።

«ሰው የሚመጣው መልስ ፈልጎ ነው፤ ሐኪም ሐኪም ካልሽ ምኑን መከርሽው?» ትላታለች።

ኋላ ሥራ በዛ። መቀስ መናገሩን ስትተው እትዬ ከዚህም ከዚያም ገጽ እየለቀመች መለጠፍ ጀመረች። መቀስ ይህን ታውቃለች። አንድ ሁለቱን አይታ ክፉ ነገር ስላላገኘችበት፣ ከዚያ ወዲያ ማየቱን እርግፍ አድርጋ ተወችው።

አንድ ረቡዕ ጠዋት ሾፌሩ ብቻውን መጣ። ጡረታ የወጣ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ወር በገባ ቁጥር «ጓዴ» የሚለውን ጸጉራም ውሻውን ይዞ ይመጣል። ጓዴ የማድረቂያውን ድምፅ ስለሚፈራ ሾፌሩ አጠገቡ ቆሞ «ነፋስ ነው፣ ነፋስ ነው» እያለ ያባብለዋል። ያን ቀን ግን ማሰሪያው እንኳ በእጁ የለም።

መቀስ የአንዲት ቡችላ ጥፍር እየቆረጠች ነበር። «አባባ፣ ጓዴን የት ጣሉት?» አለችው።

ሾፌሩ ከኮቱ ኪስ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ዘረጋላት። በትልልቅ ፊደል በእጁ የገለበጠው ነው።

«ልጄ፣ እስቲ ይኼን እዪልኝ። የት ላይ እንደተሳሳትኩ ንገሪኝ። አንቺ እንዳልሽው ነው ያደረግኩት፤ ምናልባት ቃል ዘልዬ እንደሆነ ብዬ ነው።»

«መዥገር ላስቸገረው ውሻ» ይላል ወረቀቱ። ለከብት የሚረጨውን መድኃኒት ውሃ ሳይቀላቅሉ መላ ሰውነቱን በጨርቅ መቀባት፤ ሳያጥቡ ማሳደር። ከግርጌው የሳሎኑ ስም አለ።

መቀስ ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ቀቡት?» አለች።

«እሁድ ቀባሁት። መጀመሪያ ለሀጩ ይዝረበረብ ጀመር፣ ከዚያ መንቀጥቀጥ። ሐኪሙ ጋ ሳደርሰው እግሮቹ ተገትረው ነበር። ሰኞ ሞተ።» ስለ መንገድ መዘጋት እንደሚያወራ ሰው ድምፁ አልተለወጠም። «ሐኪሙ ማነው እንዲህ አድርግ ያለህ ሲለኝ ስምሽን አላነሳሁም። አንቺማ ጓዴን ታውቂዋለሽ፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ ብዬ ነው።»

ቢሰድባት ይሻላት ነበር። ቡችላዋን አንስታ ማቆያው ውስጥ አስገባቻትና እጇን በሽርጧ ጠረገች።

«አባባ፣ ምንም ቃል አልዘለሉም። ምክሩ ራሱ ነው የተሳሳተው። መርዝ ነው። የወጣውም ከእኛ ቤት ነው።»

ሰውየው ያልገባው ይመስል አያት። ወረቀቱን ተቀብሎ በእጥፋቱ መልሶ አጠፈውና «እንዲያ ነው?» ብሎ ብቻ ወጣ።

እትዬ ሁሉንም ሰምታለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ይኼን ከየት አመጣሽው?» አለች መቀስ።

«አንድ ገጽ ላይ አግኝቼው ነው። ብዙ ሰው ወዶት ነበር፤ የእኛም ላይ ሁለት መቶ ሰው አመስግኗል ሚጡ…»

«ውሻ ገላውን እንደሚልስ አታውቂም? ዘጠኝ ዓመት እዚህ ተቀምጠሽ አንድ ቀን አላየሽም?»

«አሁኑኑ አጠፋዋለሁ። ማንም ሳያውቅ።»

የመቀስ ደም የፈላው ይኼኔ ነው። ስልኩን ከእህቷ እጅ መነጨቀችው።

«ካጠፋሽውማ ገልብጦ ቤቱ ያስቀመጠው ሰው በምን ያውቃል? ማንን ልታድኚ ነው፣ ሰዉን ነው ራስሽን?»

«ያሳደግኩሽ እኔ ነኝ። በዚህ ድምፅ አታናግሪኝም።»

«ያሳደግሽውማ እኔን ነው። እሱ የሰው ውሻ ለመግደል ፈቃድ አይሆንሽም።»

በሕይወቷ እንዲህ ተናግራት አታውቅም። ወደ ጓዳ ገባች፣ ስልኩን ማጠቢያ ገንዳው ጠርዝ ላይ አቁማ ራሷን ቀረጸች።

«ስለ መዥገር የለጠፍነው ምክር ስህተት ነው። በእሱ ምክንያት አንድ ውሻ ሞቷል። የቀባችሁ ካላችሁ አሁኑኑ በሳሙና አጥባችሁ ወደ ሐኪም ሩጡ። ሳላነበው በስሜ እንዲወጣ የተውኩት እኔ ነኝ።» የእህቷን ስም አላነሳችም።

ከሰዓት በኋላ ስድቡ ወረደ። «ነፍሰ ገዳይ» ያሏት አሉ፤ የሳምንቱ ቀጠሮ ግማሹ ተሰረዘ። አንዲት ሴት ደውላ ጨርቁን ነክራ ልትቀባ ስትል ቪዲዮውን እንዳየች ነገረቻት፤ አመሰገነቻት። መቀስ ምስጋናውን ስትሰማ ስልኩን ወርውራ ልትሰብረው ምንም አልቀራት። ንዴቷ ማረፊያ አጣ። በእህቷ ትበግናለች፣ ሳይሞክሩት «ግሩም ምክር» ብለው በጻፉት ሰዎች ትበግናለች፣ በራሷ ትበግናለች። ከሁሉ በላይ ግን አንጀቷን የሚያሳርራት የዚያ ሽማግሌ ትህትና ነበር። ስምሽን አላነሳሁም።

እትዬ በማግስቱ ማልዳ ገባች። ምክሩን ወደናል ያሉትን ሰዎች ከላይ ጀምራ አንድ በአንድ ትጽፍላቸው፣ ስልክ ያገኘችላቸውን ትደውልላቸው ጀመር። «ቀብተዋል? አልቀቡም? መድኃኒቱ ቤትዎ አለ?» እያለች አሥራ አንድ ቀን ፈጀባት። ሦስት ሰዎች ቀብተው ነበር፤ ውሾቻቸው ታመው ድነዋል። ሁለቱ እህትማማቾች ከቀጠሮ ሰዓት በቀር ቃል አልተለዋወጡም።

በሦስተኛው ሳምንት ሾፌሩ በሩን በርግዶ ገባ።

«ያን ቀን አልገባኝም ነበር» አለ። «ገዳዩ እኔ ነኝ እያልኩ ሰነበትኩ። እንጀራዬን አልበላም፣ አልተኛም። ትናንት ያወጣሽውን ቪዲዮ አሳዩኝ፤ ለካ አንቺ ሳታነቢ ነው። ስምሽን አምኜ እኔ መነጽር አድርጌ፣ ፊደል በፊደል ስገለብጥ፣ አንቺ አላነበብሽውም።»

መቀስ በእጇ የነበረውን ማበጠሪያ አስቀመጠች።

እትዬ ከወንበሯ ተነሳች። «የጻፍኩት እኔ ነኝ አባባ። እሷ አላየችውም።»

«እንግዲያውስ ሁለታችሁም» አለና ጠረጴዛውን በጡጫው መታው። ጎማ ጠጋኙ ድምፅ ሰምቶ በሩ ላይ ብቅ አለ። «ጠዋት በሬን የሚቧጭር የለም። ገባችሁ? የለም።»

ጎማ ጠጋኙን ገፋ አድርጎት ወጣ፤ ከዚያ ወዲህም ደጃቸውን አልረገጠም።

«ደግ አደረገ፤ የሚገባንን ነገረን» አለች እትዬ።

«አዎ» አለች መቀስ።

እህቷን ይቅር አላለቻትም፤ እትዬም አልጠየቀቻትም። ማስተካከያው ጠረጴዛ ላይ ግን ጸጉሩ እስከ ቆዳው ድረስ የተቋጠረ ትልቅ ውሻ ነበር፤ መቀስ በቶንዶስ ልትጀምረው ስትል ያጉረመርማል። ብቻዋን ሞከረችው፣ አልሆነላትም።

«ጭንቅላቱን ያዥልኝ» አለች ፊቷን ሳታዞር።

እትዬ ቀለበቷን አውልቃ፣ እጅጌዋን ሰብስባ መጣች። ቋጠሮውን ለመጨረስ እስከ ምሳ ሰዓት ፈጀባቸው።