ማየት ብቻ

«ማየት ማንንም አይገድልም።» ይህች ቃል በበላይነሽ ጉሮሮ ላይ እንደ አጥንት ተሰንቅራ ሦስት ዓመት ኖረች።

ቃሏን የተናገሯት አቶ ገብረወልድ ናቸው፤ እሷ ወለል የምታጸዳበት፣ አዳማ ያለው የጭነት ድርጅት ሥራ አስኪያጅ። ልጇ ምንተስኖት እዚያው ሾፌር ነበር። ድርጅቱ ሁሉን የሚይዝ አንድ ትልቅ ኮምፒውተር አለው። «አሳይ» ብሎ ታርጋ የጻፈ ሠራተኛ ሁሉ መኪናው የት እንደቆመ፣ ምን እንደጫነ፣ መቼና በየት በኩል እንደሚመለስ ያያል። መለወጥ አይችልም፤ ማየት ብቻ። መንገደኛ የት ደረሰ ተብሎ ሲጠየቅ ደግሞ ዝም ማለት ነውር ነው። ጸሐፊው ሰዓድም አንድ ቀን «የአክስቱ ልጅ ነኝ፣ አሳሰበኝ» ላለው ደዋይ፣ «አይዞህ፣ ከአዋሽ ወዲያ ቆሞ እያረፈ ነው» አለው። ደዋዩ ዘመድ አልነበረም። ጭነቱን ዘረፉ፤ ልጇን ገደሉ።

ሰዓድን ልትረግመው ብትል አፏ እምቢ አላት። በየቀኑ «እስቲ ልጄን እይልኝ» እያለች ያስለመደችው እሷው ናት።

ከዚያ ወዲህ በየወሩ አቶ ገብረወልድ በር ላይ ትቆማለች።

«ማየቱን ለሚመለከተው ሰው ብቻ ያድርጉት፣ ጌታዬ።»

«እንዴ በላይነሽ! ከአራተኛ ክፍል ወጥተሽ ኮምፒውተር ልታስተምሪኝ ነው?»

«ኮምፒውተሩንስ አላውቅም። ልጄን የቀበርኩት ግን እኔ ነኝ።»

ባለፈው ቅዳሜ አቶ ገብረወልድ በድርጅቱ መኪና ቤተሰባቸውን ይዘው ላንጋኖ ወረዱ። በላይነሽ ከመንገድ ማዶ ካለ ሱቅ ስልክ ተዋሰችና ድምጿን ለወጥ አድርጋ ሰዓድ ጋ ደወለች። የአቶ ገብረወልድ ባለቤት እህት ነኝ፣ ደረሱ ወይ አለችው።

«ደርሰዋል እትዬ፣ አያስቡ! ነገ ስምንት ሰዓት ላይ በዝዋይ በኩል ይመለሳሉ።»

ያ ሁሉ ሆኖ እንኳ! እንዲህ በቀላሉ! ወዲያው አቶ ገብረወልድ ጋ ደወለች።

«ነገ ስምንት ሰዓት፣ በዝዋይ በኩል ነው አይደል የሚመለሱት?»

«ማን ነሽ? ማን ነገረሽ?»

«በላይነሽ ነኝ። የነገረኝ የእርስዎው መሥሪያ ቤት ነው፤ ማን እንደሆንኩ እንኳ ሳያውቅ።»

ከአቶ ገብረወልድ በስተጀርባ ልጆች ውሃ ውስጥ ሲንጫጩ ይሰማታል። በልጆች ማስፈራራቷ አሳፈራት። ስልኩን ግን አልዘጋችም።

«ሰኞ ጠዋት ማየቱን ለማይመለከተው ሰው ይዝጉት። እኔንም ያባሩኝ፤ ግድ የለም። የሌላውን ሰው ልጅ ያድን እንደሆነ ነው እንጂ፣ ለእኔስ ምን ሊፈይድልኝ?»