ሦስቱ የመጨረሻ ቅጠሎች

ሰው ክፉ ናት ይለኛል። አልፈርድበትም፣ ነኝ። ምላሴ ስለታም ነው፤ ቶሎ እቆጣለሁ፤ አኩርፌም እከርማለሁ። ስለዚህ ደብረ ታቦር ውስጥ አሰለፈች ብሎ የሚጠራኝ ጎረቤት ከሩቅያ በቀር አልነበረኝም። እሷም ብትሆን በቅንጭቡ አጥር ቀዳዳ ነበር የምትጠራኝ።

ሩቅያ የቅመም ነጋዴው የሁሴን ሚስት ነበረች። ሁሴን ጣሊያን በገባ ዓመት በንዳድ ሞተባት። የኔው በላይነህ ደግሞ የአገረ ገዥው ጸሐፊ ነበር፤ ማይጨው ዘምቶ በዚያው ቀረ። ልጅ የለኝ፣ ዘመድ የለኝ። እሷ እስላም እኔ ክርስቲያን ነንና ሥጋ አብረን አንበላም። ወሬ ግን ቢስሚላም በስመ አብም አይፈልግ፤ እሱን አብረን እንበላ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው አንድ የክረምት ቀን ነው። በቀዳዳው ሳይ ሩቅያ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ተቀምጣ መጽሐፍ ጭኗ ላይ ዘርግታለች። አባቷ ሼህ ስለነበሩ ዐረብኛ ማንበብ እንደምትችል አውቃለሁ። የኔም አባት መሪጌታ ነበሩ፤ ወንድ ልጅ ቢያጡ ፊደሉን ለኔ አስቆጠሩኝ። ምን እያነበብሽ ነው ብዬ ጠየቅኋት። ቀና አለችና ጥቂት አሰብ አድርጋ፣ ታሪክ ነው አለችኝ፤ ስለ አንዲት የሱልጣን ልጅ። አንቺስ ምን ታነቢያለሽ አለች።

እኔማ በላይነህ ከአዲስ አበባ ያመጣልኝ የታተመ ልብ ወለድ ነበረኝ። ሽፋኑን አይጥ ስለበላው ስሙን እንኳ አላውቀውም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አጥሩ ሥር እንገናኛለን። እኔ ያነበብኩትን እነግራታለሁ፤ እሷም ያነበበችውን ትነግረኛለች።

የኔው ስለ አንድ ደወል ሠሪ ነው። የባሕር ጋኔን ድምፁን ይሰርቀዋል፤ ሰውየው ሚስቱን ኮረብታ ላይ ካለው መንደራቸው ትቶ፣ ድምፁን ፍለጋ ዲዳ ሆኖ አገር ላገር ይዞራል። የሷ ደግሞ በድግምት ስሟ ስለጠፋባት ልጅ ነው። ሰባት በር ባለው ቤት ተዘግቶባታል፤ በትክክለኛ ስሟ የጠራት ሰው ብቻ በሮቹን ያስከፍታቸዋል። ታሪኩ ያምር ነበር። አንድ ነገር ብቻ ይገርመኛል፤ በዚያ ቤት የሚታመም ሰው አይጠፋም። ዛሬ ሞግዚቷን ንዳድ ይይዛታል፣ ነገ ዘበኛውን ዓይኑን ያመዋል፤ ሁሉም በጥቁር አዝሙድና በማር ይድናሉ። እነዚህ ሰዎች ምነው ጤና አጡ ብዬ ሳሾፍባት በሻሿ አፏን ሸፍና ትስቅ ነበር።

አርበኞች በእብናት መንገድ ጣሊያንን የመቱ ጊዜ ባንዶች ወረቀት ፍለጋ ቤት ለቤት ዞሩ። መጽሐፌን ጎታ ውስጥ፣ ከጤፉ ሥር ቀበርኩት። አሥራ አምስት ቀን ሳላወጣው ቀረሁ፤ ለሩቅያ ግን ታሪኩን አላቋረጥኩባትም። ለምን ቢሉ ቀድሜ ጨርሼዋለሁ።

አዎ፣ ጨርሼዋለሁ፤ ያውም ገና በመጀመሪያው ዓመት። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይላሉ። እኔ የመጨረሻዎቹን ሦስት ቅጠሎች ብቻዬን አንብቤ ዝም አልኩ። መጨረሻውን ከነገርኳት ነገ ምን ፍለጋ ትመጣለች? ይህን ነው የፈራሁት። ስለዚህ በቀን ትንሽ ትንሽ ብቻ እየቆነጠርኩ እሰጣታለሁ። ይህ ሰውዬ ዛሬም እዚያው ወንዝ ዳር ነው እንዴ ስትለኝ፣ ወንዙ ሞልቷል እላታለሁ። ሁለት ክረምት እንዲህ አለፈ።

በሦስተኛው ዓመት ጣሊያኖች ቤቷን ለወታደር መጋዘን ፈለጉት። በሦስት ቀን ልቀቂ ተባለች። ጎንደር ወንድም ስላላት ወደዚያ መሄድ ግድ ሆነባት። ያኔ ያለ ይለፍ ወረቀት ከአገር አገር መንቀሳቀስ የለም፤ የሄደ ሰው መመለሱን እንጃ። በምትሄድበት ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ በቤቴ በር ገባች። መጽሐፏን በቀይ ጨርቅ ጠቅልላ ይዛለች።

«እትዬ፣ መጽሐፍ እንለዋወጥ» አለችኝ። «አንቺ የኔን ያዢ፣ እኔ ያንቺን ልያዝ። አንቺ ዐረብኛውን አታነቢው፣ እኔ ፊደሉን አላነበው፤ እንግዲህ መገናኘታችን የግድ ነው።»

ቆይ ብያት ጓዳ ገባሁና መጽሐፌን አወጣሁ። ክፉው አመሌ እዚያ ላይ መጣብኝ። ጎንደር ፊደል የቆጠረ ሞልቷል፤ አንዱ አንብቦ ይጨርስላትና ከዚያ እኔን ምን ታደርገኛለች? የመጨረሻዎቹን ሦስት ቅጠሎች ቀደድኩ፤ መቀነቴ ውስጥ ሸጎጥኩና ቀሪውን ሰጠኋት። መጨረሻውን ብቻ ንገሪኝና ልሂድ ብላ ለመነችኝ። ስትመለሺ አልኳት። የሚወስዳት መኪና ጥሩምባ ጮኸ። እንባዬን እንዳታይ ፊቴን አዙሬ ቤት ገባሁ፤ በወጉ እንኳ አልተሰናበትኳትም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዓመት ምን ብዬ ልንገራችሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እግሬ ራሱ ወደ አጥሩ ይወስደኛል። በቀዳዳው ሳይ ያለው የጆንያ ክምርና የታሰረች የወታደር በቅሎ ነው። ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ የገዛ ድምፄን የማልሰማበት ጊዜ ነበር። ለመቆጣት እንኳ ሰው ናፈቀኝ።

ሰኔ ላይ ጀማል መጣ። ጀማል የሩቅያ የወንድሟ ልጅ ነው፤ ይለፍ ወረቀት ስላለው ከጎንደር ደብረ ታቦር በአህያ ጨው ያመላልሳል። ሰላምታዋን አድርሶ ሳይጨርስ ቀዩን ጨርቅ ፈትቼ መጽሐፉን አስታቀፍኩት። የሱልጣኑ ልጅ ምን እንደ ሆነች አንብብልኝ አልኩት። ዓመት ሙሉ ስለዚያች ልጅ ሳስብ ነበር የከረምኩት። ገለጠ፤ ሌላም ቅጠል ገለጠ፤ ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

«እትዬ፣ ይህ እኮ የመድኃኒት መጽሐፍ ነው። የሟቹ የሁሴን ነው። ስለ ንዳድ፣ ስለ ሳል፣ ስለ ዓይን ሕመም ነው የሚያወራው።»

ሰባቱ በሮችስ አልኩት። የሉም አለኝ። የሱልጣኑ ልጅስ? እሷም የለችም። ጥቁር አዝሙድና ማር ግን በየገጹ አለ።

መደቡ ላይ ቁጭ አልኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በየቀኑ፣ ከገዛ ልቧ እያወጣች ነበር የምትነግረኝ። ባሏን ንዳድ ገደለባት፤ እሷ በታሪኳ ውስጥ ንዳድ የያዘውን ሁሉ ስታድን ኖራለች። እኔ ደግሞ ሌላ ሰው በጻፈው ሦስት ቅጠል ሰሰትኩባት። አፈርኩ፤ እንዲያ አፍሬ አላውቅም።

ጀማል ይህን አላወቀልኝም፤ ወሬውን ቀጠለ። ጎንደር አንድ ተማሪ መጽሐፌን አንብቦላታል። የተቀደደው ቦታ ሲደርስ አብረው የሚሰሙት የግቢው ሴቶች ከዚያስ፣ ከዚያስ ብለው ያዟት። እሷም ከራሷ ጨረሰችላቸው። ደወል ሠሪው ድምፁን አገኘ፤ ሲሄድ ሲሄድ ሰባት በር ካለው ቤት ደረሰ። ስሟ የጠፋባት ልጅ ለካ የገዛ ሚስቱ ኖራለች። ከደጅ ቆሞ በስሟ ቢጣራ ከውስጥ አቤት አለች፣ በሮቹም ተከፈቱ። ሴቶቹ አለቀሱ አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ቅናት አንገበገበኝ። ለኔ ያልነገረችውን ለነሱ!

«እውነተኛው መጨረሻ ግን እትዬ አሰለፈች ዘንድ ነው ትላለች» አለ ጀማል። «እንደ ቀደዱት አውቃለች፤ አልተቀየመችም። ዓይኗ እየደከመ ነው፤ ከእንግዲህ የምትመለስም አይመስለኝም። ሦስቱን ቅጠሎች ትስደድልኝ ብላለች።»

ቅጠሎቹ መቀነቴ ውስጥ ነበሩ። የተጻፈባቸውን በቃሌ አውቀዋለሁ። ሰውየው ድምፁን ያገኛል፤ አገሩ ይገባል፤ ኮረብታው ሥር ቆሞ ሚስቱን ይጣራል። መንደሩ ግን ሰው አልባ ሆኗል። እስኪመሽ ይጣራል፤ የሚመልስለት የገደሉ ማሚቶ ብቻ ነው። መጽሐፉ እዚያ ላይ ያልቃል።

ጀማል እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል።

«አይጥ በላቸው በላት» አልኩት። «መጨረሻው ግን አንቺ እንዳልሽው ነው፤ ሚስቱ አቤት ብላዋለች፤ እኔም እንደዚያው ነው ያነበብኩት ብላለች በላት።»

ከዚያም የመድኃኒቱን መጽሐፍ በቀዩ ጨርቅ መልሼ ጠቅልዬ ሰጠሁት። መያዣችን ነበር፤ ከሰጠሁት መገናኘታችን እንደሚቀር አላጣሁትም። ግን ዓይኗን ላመማት ለሷ ያስፈልጋል እንጂ እኔ ዘንድ ምን ይሠራል። ጀማል አህዮቹን እየነዳ እስኪሰወር ድረስ ደጃፌ ላይ ቆሜ አየሁት።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አጥሩ ሥር ተቀመጥኩ። ሦስቱን ቅጠሎች አወጣሁና ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ አንድም ቃል ሳልዘል፣ በቀዳዳው አነበብኩ። ስጨርስ «ሩቅያ» ብዬ ተጣራሁ። ከወዲያ የታሰረችው በቅሎ ጆሮዋን አቆመች። ጥቂት ጠበቅሁ፤ ሌላ የመለሰልኝ የለም።