ያለ እሳት የፈላ ውሃ

«ነገ ቅዳሜ ከቀኑ በስምንት ሰዓት፣ በቀበሌው አዳራሽ፣ ውሃ ይፈላል! መቅረት በአብዮቱ ያስጠይቃል!»

የኮኪት ከተማ ይህን አዋጅ በድምፅ ማጉያ ሦስት ጊዜ ሰማች። ወይዘሮ ሽታዬ ከደጃቸው ሆነው «የእኔስ ዛሬ ጧትም ፈልቶ ነበር፤ ማን መጥቶ አየልኝ?» አሉ።

አዋጁን ያስነገረው የቀበሌው ካድሬ ጓድ ዳኛው ነው። ውሃውን የሚያፈላው ደግሞ የፊዚክሱ መምህር ፈረደ። ሚስቱ መነን ጎንደር ሆስፒታል ከተኛች ሁለት ወር አልፏታል፤ እሱን ወደ እሷ የሚያዛውረው ወረቀት የጎደለው የዳኛው ፊርማ ብቻ ነው።

«ሳይንስን ለሰፊው ሕዝብ እያዝናናህ አስተምርልኝ» አለው ዳኛው። «አዳራሹ ከሞላ እዚያው እፈርማለሁ። ካልሞላ ግን፣ ጓድ፣ ጎንደር ሩቅ አገር ናት።»

ፈረደ ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ የመጡትን ሠራተኞች ሊለምን እርሻ ለእርሻ ዞረ።

«መምህር» አለው ያረጋል የሚባለው አጫጅ፣ ማጭዱን ሳያስቀምጥ፣ «ባለፈው ስብሰባ የሄደው ባልንጀራዬ ደሞዝ፣ ስብሰባው እስካሁን አላለቀለትም። ከአዳራሹ በር ላይ የወታደር ኦራል መኪና ጭኖት ወደ ጦርነቱ ነጎደ።»

«ይኼ ውሃ ብቻ ነው።»

«እስቲ ይማሉ።»

ፈረደ እውነቱን አያውቅም ነበር። «መነን ትሙት፣ ውሃ ብቻ ነው!» አለ።

አዳራሹ ሞላ። ዳኛው ከፊት ተቀምጦ ይስቃል፤ የዘማች ኮታ ያላሟላ ካድሬ ራሱ ይዘምታል የሚለውን ወሬ ያልሰማ ይመስላል። ሕዝቡም ደስ ብሎት የመጣ ይመስላል። ፈረደ ከጤና ጣቢያ የለመነውን የግሉኮስ ጠርሙስ በላምባ ምድጃ ላይ አፈላ፤ አውርዶ በጎማ ክዳኑ ከደነና ዘቀዘቀው።

«አሁን ቀዝቃዛ ውሃ ሳፈስበት እንፋሎቱ ይከስማል፤ ውሃውን የተጫነው ጫና ይቀንሳል። ጫና ሲቀንስ...»

«ጫና የምትለዋን ዝለላት» አለ ዳኛው፣ ሳቁን ሳያቋርጥ።

ፈረደ ዘለላት። ቀዝቃዛውን ሲያፈስበት በጠርሙሱ ውስጥ ያለው ውሃ ያለ እሳት ተንተከተከ።

«በስመ አብ!» አሉ ወይዘሮ ሽታዬ። «እንጨት ለቃሚ ከሥራ ወጣ በሉኛ!»

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ያን ጊዜ የከባድ መኪና ድምፅ መጣ፤ መጣና በር ላይ ቆመ።

ሳቁ ጠፋ። ከዚያ ሁሉም በአንዴ ከውጭ በሥራቸው የሰሊጥ ክምር ወዳለባቸው መስኮቶች ተወረወረ። መጀመሪያ የዘለለው ከፊት የተቀመጠው ሰው ነበር። ፈረደ ብቻ ጠርሙሱን እንደዘቀዘቀ ቀረ። መነን ትሙት ያለበት አፉ አልዘጋ አለው።

በሩ ተከፈተ። ሸሚዙ ግሪስ የጠጣ ሾፌር ባዶ ጀሪካን ይዞ ገባ።

«ይቅርታ ጌታው፣ ራዲያተሬ ፈልቶብኝ ነው። ትንሽ ውሃ ይኖርዎታል?»

ፈረደ በባልዲ የተረፈውን ሰጠው።

መኪናው ሲርቅ ከክምሩ ውስጥ የታፈነ ድምፅ ተሰማ፦ «ጓድ ፈረደ... ስንት ወታደር ነው?»

«ውሃ ብቻ ነው፣ ጓድ።»

ቀጥሎ ከዚያው ክምር የያረጋል ድምፅ፦ «ጓድ ዳኛው፣ እንግዲያው እግርዎን ከፊቴ ያንሱልኝ።»

ፈረደ ከጠረጴዛው የዝውውር ወረቀቱን አነሳ። በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ ወደ ክምሩ ዘረጋው።

ከሰሊጡ መሃል እስክሪብቶ የያዘ እጅ ወጣ።