ታላቁና ታላቄ

አባቴ ታላቁ እስክንድርን የሚወደው በያዘው አገር ብዛት አይደለም። በአንድ የራስ ቁር ውሃ ነው።

ታሪኩን ሳይሰማ በአባቴ እጅ ያለፈ ተማሪ የለም። ንጉሡ ከምሥራቅ ዘመቻ ሲመለስ ሠራዊቱን ይዞ በረሃ ገባ። ሰዉ እንደ ቅጠል ረገፈ። ጥቂት ወታደሮች ከአንድ ጉድጓድ ትንሽ ውሃ ቀድተው በራስ ቁር ይዘውለት መጡ። ተቀበላቸው፣ አመሰገናቸው፣ ከዚያ ሠራዊቱ ሁሉ እያየ አሸዋው ላይ አፈሰሰው። እነሱ ሳይጠጡ እሱ አይጠጣም። ሠራዊቱም በዚህ ልቡ ሞልቶ መንገዱን ቀጠለ። አባቴ እዚህ ላይ ሲደርስ በእጁ የሌለውን ቁር ገልበጥ ያደርጋል። ተማሪዎቹ ያወጡለት ስም "የራስ ቁር" ነበር። መላጣው ስለሚያብረቀርቅም ጭምር ነው።

እኔ ይህን ታሪክ ከጡት ጋር ስለጠባሁት አንገሽግሾኛል። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ታሪክ ካጠናሁ በኋላ ደግሞ ጥያቄ ጨመርኩበት።

"ለምን ለአንድ የታመመ ወታደር አልሰጠውም?" አልኩት አንድ ቀን።

"ለአንዱ ሰጥቶ ሊያጋድላቸው?"

"ከተማ ሙሉ ሰው ያስጨረሰ ሰውዬ ስለ መጋደል ይጨነቃል?"

"አንቺ ልጅ፣ ምላስሽ ካንቺ ቀድሞ ነው የተመረቀው።"

"ደግሞ በረሃው ውስጥ ማን አስገባቸው? እሱ አይደል?"

"እሱ ነው" አለ አባቴ። "ጻድቅ ነው መቼ አልኩ? ታላቅ ነው ነው ያልኩት።"

ክርክራችን ከዚህ አልፎ አያውቅም። የሚያስቆመው ታላቄ ነው።

ታላቅ ወንድሜ እኔ ገና ሕፃን ሳለሁ ዘምቶ በረሃ ውስጥ በውሃ ጥም ሞተ። ሬሳው አልመጣም። የመጣው አብሮት የነበረ ጓደኛው ነው። ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቶ፣ አባቴ ጥግ ላይ ኩርምት ብሎ፣ እህል አልቀምስም ባለበት ሰዓት ደረሰ። ከእሱ አፍ የተሰማው ይህ ነው ተባለ፦ ወንድሜ ኮዳው ውስጥ የቀረችውን የመጨረሻ ውሃ፣ ጓደኞቼ ሳይጠጡ አልጠጣም ብሎ አሸዋ ላይ አፈሰሳት። አባቴ ያን ጊዜ ከጥጉ ተነስቶ ቆመ። ለሰው ሁሉ ክፍል ውስጥ በሚያስተምርበት ድምፁ ተናገረ። "ለእንዲህ ያለ ልጅ አይለቀስም" አለ፤ አላለቀሰምም።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ስለ ታላቄ ሌላ ወሬ የለም። ምን ይበላ እንደነበር፣ ማንን ያበሽቅ እንደነበር አይነሳም። ውሃውን አፈሰሰ፤ በቃ። እናቴ ሳሎን የተሰቀለውን ፎቶውን አቧራ ትጠርግለታለች እንጂ ፊቱን ቀና ብላ አታየውም። እኔ አሁን በዕድሜ በልጬዋለሁ። ታላቅ ከታናሹ አንሶ ሲቀር ምን ተብሎ እንደሚጠራ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም።

አባቴ ስለ እስክንድር ለወጣቶች የጻፈው መጽሐፍ አለ። ከታተመ ቆይቷል። እኔ አርታዒ ሆኜ የምሠራበት አሳታሚ ድርጅት እንደገና ሊያወጣው ሲወስን አባቴ አልጋ ይዟል። ዓይኑ ደክሟል፣ ጉበቱ ደግሞ ከዓይኑ ቀድሟል። ሐኪሙ እናቴን ኮሪደር ላይ ጠርቶ "ያለውን ጊዜ ቤቱ ቢያሳልፍ ይሻላል" ብሏታል። ለአባቴ ማንም አልነገረውም፤ ያውቃል። የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ አንድ አንቀጽ እንዲጨመርለት። እሱ በቃሉ ተናገረ፣ እኔ ጻፍኩ፦

"የሰው ታላቅነት በወሰደው ምድር አይለካም። ዘመናት ካለፉ በኋላ፣ ዘውድ የሌለው ተራ ሰው፣ ማንም ሳያዘው ሥራውን የደገመለት እንደሆነ፣ ያ ሰው በእርግጥ ታላቅ ነበር። በእኛ ዘመን አንድ ወጣት ወታደር በረሃ ውስጥ የመጨረሻ ውሃውን አፈሰሰ። የዚህ መጽሐፍ ጸሐፊ ልጅ ነበር።"

"ይቺ ትግባልኝ" አለ። "ይቺ ከገባች አርፌ እሄዳለሁ።"

ቢሮ ውስጥ አለቃችንን "ነጠላ ሰረዝ" እንላቸዋለን። ቀጭን ናቸው፣ ጎንበስ ይላሉ፣ የማያስፈልግበት ቦታም ይገባሉ። አንቀጹን ደጋግመው አነበቡና መነጽራቸውን አወለቁ።

"እሜቴ፣ ይሄ የታሪክ መጽሐፍ ነው ወይስ ሐውልት?"

"ሁለቱንም ቢሆን ምን ይላል?"

"እኔ ምንም አልልም፤ አንባቢ ነው የሚለው። ያየ ሰው አለ?"

"አብሮት የነበረ አንድ ጓደኛው አለ።"

"ከራሱ አፍ ሰምተሻል?"

"ሕፃን ነበርኩ።"

"እንግዲያው አሁን አድገሻል፤ ሂጂና ስሚ። አባትሽ ናቸው ብዬ ዝም ብዬ ባሳልፍ ነገ ሁሉም አባቱን እየያዘ ይመጣብኛል።"

ተናደድኩ። ያናደደኝ ትክክል መሆናቸው ነው።

የት እንዳለ አባቴን ጠይቄ ሄድኩ፤ ጓደኛው ጎሚስታ ሆኗል። ሱቁ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ፣ አሮጌ ጎማዎች እንደ ግንብ የተደረደሩበት ጠባብ ክፍል ነው። ስደርስ የተነፈሰ ጎማ ውሃ በተሞላ በርሜል ውስጥ እየነከረ አረፋ የሚወጣበትን ቦታ ይፈልግ ነበር። ቀና ብሎ አየኝ።

"ታናሿ አይደለሽ?" አለ። "በግንባርሽ አወቅኩሽ። እሱም ሲናደድ እንዲህ ይቋጥረው ነበር።"

"አልተናደድኩም።"

"እሱም እንዲህ ነበር የሚለው።"

ሳቄ መጣ። ስለ ታላቄ ግንባር የነገረኝ ሰው አልነበረም። በተገለበጠ ጎማ ላይ ካርቶን አንጥፎ አስቀመጠኝና የመጣሁበትን ነገርኩት። አንቀጹንም አነበብኩለት። ጎማውን እንደያዘ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ።

"ማን አፈሰሰ?" አለ።

"ወንድሜ ነዋ።"

"ፈሰሰ ነው እንጂ።"

"ምን?"

"ውሃው ፈሰሰ። እሱ አላፈሰሰም። ፈሰሰበት።"

እጁን ከበርሜሉ አውጥቶ ሱሪው ላይ ጠረገ። ከዚያ ቀስ ብሎ ነገረኝ። ውሃዋን በየተራ ይጎነጩ ነበር፤ ተራ የወጣው በዕጣ ነው፤ ለወንድሜ የመጨረሻው ተራ ደረሰው። ደስ ብሎት አልነበረም፤ ዕጣውንም፣ እነሱንም፣ ያዘመታቸውንም ይረግም ነበር።

"እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር" አለ። "የማንኛችን አይንቀጠቀጥም? ኮዳውን ወደ አፉ ሲያስጠጋ አመለጠው። አሸዋው ጭልጥ አደረገው። ወንድምሽ በጉልበቱ ወደቀ፣ እርጥቡን አሸዋ በሁለት እጁ እያፈሰ አፉ ውስጥ ከተተው። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይባላል። እሱ አፈሰው።"

ጎማው ከበርሜሉ ጠርዝ ላይ ይንጠባጠባል።

"ለአባቴ የነገርከው ይህን ነው?" አልኩት በመጨረሻ።

"አሸዋውን ተውኩት። እሱ ለወላጅ ይነገራል? 'ውሃስ አልነበረውም?' አሉኝ፤ 'ነበረው፣ ፈሰሰ' አልኳቸው። 'አፈሰሰው?' አሉ። ሰዉ ይንጫጫል፣ እኔም ከሆስፒታል የወጣሁ ሰሞን ነው፣ ራሴን አላውቅም። 'አዎ፣ ፈሰሰ' አልኩ። ከዚያ ብድግ አሉ። መናገር ጀመሩ። ምን ላድርግ ታናሿ? 'ኧረ እንደሱ አይደለም' ብዬ መልሼ ላስቀምጣቸው?"

ሥራዬ ፊደል መልቀም ነው። በቀን ስንት የተጨመረ፣ ስንት የጎደለ ፊደል አወጣለሁ፣ አስገባለሁ። ይቺ አንዲት "አ" ናት። ለቅሶ ቤት ጫጫታ ውስጥ አንዲት "አ" ገባችና ኮዳው ከእጁ ያመለጠውን ልጅ ንጉሥ አደረገችው።

አውቶቡስ ውስጥ ውሸቴን አሰናዳሁ። ነጠላ ሰረዝ ማስረጃ አነሰ ብለው ከለከሉ እለዋለሁ። በእሳቸው ማላከክ ልማዳችን ስለሆነ ማንም አይጠራጠርም። አባቴ ይረግማቸዋል፣ አንቀጹ ይቀራል፣ ታላቄ ቤት ውስጥ እንደ ጀግናነቱ ይቆያል። ጥሩ ውሸት ነበር።

ቤት ስደርስ ፀሐይ ገና መስኮቱ ላይ ነበረች። እናቴ ከአባቴ እግርጌ ተቀምጣ የታጠበ ልብስ ታጥፋለች። አባቴ የእግሬን ኮቴ ሰምቶ ትራሱ ላይ ቀና አለ።

"አገኘሽው?"

"አገኘሁት።"

"ደህና ነው? ሱቁ ሠርቶለታል?"

"ደህና ነው።"

"ጎበዝ ልጅ ነው። በይ ወረቀትሽን አውጪ። ሌሊቱን ሳስበው አንዲት ቃል ጎድላለች። 'የመጨረሻ ውሃውን አፈሰሰ' ብለናል፤ 'ወዶ አፈሰሰ' በይው። 'ወዶ' ካልተባለ ሰው ላይገባው ይችላል።"

እስክሪብቶውን አነሳሁ። ውሸቴም አፌ ጫፍ ላይ ነበር። ግን ያን አሸዋ ከሰማሁ በኋላ "ወዶ" ብዬ መጻፍ አልቻልኩም። እጄ እምቢ አለኝ።

"አባዬ፣ ፈሰሰ ነው ያለው።"

"ማለት?"

"ውሃው ፈሰሰበት። ሊጠጣ ሲል ከእጁ አመለጠው።"

አባቴ የደከመ ዓይኑን ወደ ድምፄ አዞረ። "አፈሰሰ ነው ያለው። በጆሮዬ ነው የሰማሁት።"

"ፈሰሰ ነው ያለው" አለች እናቴ። ሸሚዝ እያጠፈች ነበር፤ ቀና አላለችም። "እኔም አጠገብህ ነበርኩ።"

"ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ይህን ሁሉ ዘመን?"

"በዚያች ቃል ነው ተነስተህ የቆምከው" አለች። "ከሥርህ ልሳባት?"

ሸሚዙን ጨርሳ ሌላ አነሳች። አሸዋውን እኔም ተውኩት። የሚጠይቀኝ መስሎኝ ፈርቼ ነበር፤ አልጠየቀኝም። በጣቶቹ ብርድ ልብሱን ቆነጠረ።

"የንጉሡም ፈስሶበት ይሆናል" አለ ቆይቶ። "በረሃ ነው። የንጉሥ እጅስ አይንቀጠቀጥም? ሠራዊት እያየህ ውሃው ቢያመልጥህ ምን ትላለህ? አፈሰስኩት ትላለህ።"

በሌላ ቀን ቢሆን በዚህ ሐሳብ እጨፍር ነበር። ታሪኩ የተጻፈው ንጉሡ ከሞተ ከብዙ ዘመን በኋላ ነው፤ ጸሐፊዎቹ የትኛው በረሃ ላይ እንደሆነ እንኳ አይስማሙም። ስንት ጊዜ ይህን ልነግረው ሞክሬ "ምላሳም" ብሎኛል። አሁን እሱ ራሱ አለልኝ። በክርክር አሸነፍኩት ማለት ነው፤ ያውም አልጋ ላይ የተኛን ሰው።

"'ታላቁ' የሚለውንም ላውጣው?" አልኩት።

"ተዪው። ስሙ ሆኗል፤ ስም አይታረምም። የኔን አንቀጽ አውጪው።"

በአንድ መስመር ሰረዝኩት። የእስክሪብቶውን ድምፅ የሰማው ይመስለኛል።

"ሊጠጣው ነበር ማለት ነው" አለ።

"አዎ።"

"ፈልጎት ነበር።"

"አዎ፣ አባዬ።"

"እኔኮ ሰጠ እያልኩ ነው የኖርኩት" አለ። "ጠምቶት ነበር እንዴ ልጄን?"

ይህን የጠየቀው እናቴን ነው። ከዚያ አለቀሰ። ስለ ታላቄ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር። እስከዚያ ቀን የነበረው ውሃ የማይጠማው ልጅ ነው፤ ለእሱ ምን ይለቀሳል? ትከሻው እየተንቀጠቀጠ፣ እንደ ሕፃን አፉን ከፍቶ፣ አፍንጫውን ሳይጠርግ አለቀሰ። አላማረበትም። እናቴ ልብሱን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ አልጋው ላይ ወጣችና እጁን ያዘች።

"ሲፈጥረው ውሃ ይወድ ነበር" አለች። "ከባልዲው በኩባያ እየጨለፈ ደረቱን ሙሉ ያርሰው ነበር። ተው ቢሉት አይሰማ።"

"በዚህ ገርፌዋለሁ" አለ አባቴ።

"አንተማ ገርፈኸዋል። እኔ ነኝ ደብቄ የማጠጣው።"

እኔ ወደ ሳሎን ወጥቼ ለነጠላ ሰረዝ ደወልኩ። አንቀጹ ቀርቷል አልኳቸው።

"አባትሽ እንዳይቀየሙን።"

"እሳቸው ናቸው ያስወጡት።"

"በይ እንግዲህ ገጹ ነገ ማተሚያ ቤት ይገባል፤ ሌላ ነገር ካለ ዛሬ አሳውቂኝ" አሉና ዘጉ። ሌላ ነገር አልነበረም።

ስመለስ እናቴ አሁንም ታወራ ነበር። ጨለማ ይፈራ እንደነበር ተናገረች። ጫማውን ሁልጊዜ በተረከዙ ረግጦ እንደሚያበላሽ ተናገረች። አንድ ጊዜ ተናዶ ጎረቤት ቤት ሄዶ "ከዛሬ ጀምሮ የእናንተ ልጅ ነኝ" ብሎ ራት በልቶ እንደመጣ ስትናገር አባቴ በእንባው መሃል ሳቀ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሰማሁ። ይህን ልጅ ጨርሶ አላውቀውም።

"ሌላስ?" አለ አባቴ።

እናቴ መስኮት መስኮቱን እያየች አሰበች።

"ሌላ ብዙ ነበር" አለች። "ሳላወራው ቆይቼ ጠፋብኝ።"