ሳይቀምሱ መለካት

ነገሪ ሥራ ሊለቅ እንደሆነ የነገረኝ ሰኞ ጠዋት ነው። ኡራኤል ጀርባ ባለችው ሱቃችን ውስጥ የናሙና ሴራሚኮቹን አቧራ እየጠረገ ነበር። ቦሌ ያለ አንድ የሕንፃ ፊኒሺንግ ድርጅት በወር ደመወዝ ሊቀጥረው ፈልጓል፤ መልሱን እስከ ዓርብ ይጠብቃሉ። ይህን ሲነግረኝ ፊቱን ወደ እኔ አላዞረም። አንዱን ሴራሚክ ጠርጎ ከጨረሰ በኋላ እንደገና ጠረገው።

ነገሪ ከሄደ ሱቁ ይዘጋል። እኔ ለክቼ፣ አስልቼ፣ ዕቃ ገዝቼ ማቅረብ እችላለሁ፤ ወለል ማንጠፍ ግን አልችልም። ሱቁ ካዛንቺስ ሳለ የሚያነጥፉት ባለቤቴ ልዑልቃልና ነገሪ ነበሩ። እኔ ያኔ ሒሳብ አስተምር ነበር፤ ወደ ሱቁ ብቅ የምለው ለምሳ ልጠራቸው ብቻ ነው። ልዑልቃል ካረፈ በኋላ ማስተማሩን ትቼ የእሱን ሜትር ያዝኩ። መንደሩ ሲፈርስ ናሙናዎቹን በፒካፕ ጭነን ወደ ኡራኤል ያመጣናቸው ነገሪና እኔ ነን።

ነገሪን ያማረረው የልኬት ቀን ነው። ሰው ይደውልና ቤቴን ኑ እዩልኝ ይላል። ነገሪ ቄራ ድረስ ይሄዳል። ቡፌና አልጋ ያንቀሳቅሳል፣ የድሮውን ንጣፍ እያንኳኳ የለቀቀውን ይለያል፣ ስንት ካሬ እንደሚሄድ፣ በቁርጥራጭ ምን ያህል እንደሚባክን፣ በግድግዳው ሥር የሚዞረው ዞኮሎ ስንት ሜትር እንደሚሆን ይነግረኛል፤ እኔ አስልቼ ዋጋ እሰጣለሁ። ግማሽ ቀን እንዲህ ያልቃል። ባለቤቱ ያመሰግናል። ከዚያ ያሰላንለትን ካሬ ይዞ ሴራሚኩን ራሱ ይገዛና በቀን ሠራተኛ ያስነጥፋል። ነገሪ ባለፈው ሳምንት ያየው ቤት ሁሉ እንደዚህ ሆኖበታል። በሰው ቤት ስለካ የምውልበትን ቀን ማን ይከፍለኛል አለኝ።

ልኬት እናስከፍል አልኩት። ሥራውን ከሰጡን ከጠቅላላ ዋጋው ላይ ይቀነስላቸዋል፤ ካልሰጡን ደግሞ ለዋለው ቀን ይሆናል።

ነገሪ ሳቀ። ነገሩ አዲስ አልነበረም፤ ከልዑልቃል ጋር ስንት ጊዜ ተነጋግረውበት ኖሯል። በስልክ መናገሩ ማንንም አይቸግርም። የሚያስቸግረው ቤት ከተገባ በኋላ ነው። ሜትሩ ሳይዘረጋ ምግብ ይቀርባል፤ ልዑልቃል ደግሞ የቀረበለትን አልበላም ማለት የሚችል ሰው አልነበረም። እጁን ታጥቦ በበላበት ቤት ስለ ብር ማንሳት አይሆንለትም። ማታ ስጠይቀው፣ እንጀራቸውን በልቼ እንዴት አድርጌ ይለኝ ነበር።

"እሱ ያልቻለውን አንቺ ልትችዪው ነው፣ እትዬ ልዩ?" አለ ነገሪ። በክፋት አልነበረም።

"አንበላማ" አልኩት። "እንለካለን፣ እንጠይቃለን፣ እንወጣለን።"

"በቃ? ዘዴው ይሄ ነው?"

"ይሄ ነው።"

ጨርቁን አራግፎ አጠፈው። በማግሥቱ ጎተራ የምናየው ቤት ነበረን። እዚያ ከጠየቅሽ ለቦሌዎቹ እምቢ እላለሁ አለኝ፤ ካልጠየቅሽ ግን ሳንቀያየም እንለያይ። ተስማማሁ።

የጎተራውን ቤት እንድናይ የደወለልን ተስፋለም የሚባል የባንክ ሠራተኛ ነው። ቤቱ የእናቱ ነው። ካዛንቺስ ያለው ቤታቸው ለልማት ሲነሳ ኮንዶሚኒየም ገዝቶ አስገብቷቸዋል። የልኬት አንድ ሺህ ብር እንደምናስከፍል በስልክ ስነግረው፣ ችግር የለም፣ እማዬ ትሰጣችኋለች አለ። ለእናቱ ይንገራቸው አይንገራቸው አልጠየቅሁም። ስህተቴ ይህ ነበር።

ማክሰኞ አምስት ሰዓት ላይ ደረስን። አራተኛ ፎቅ ነው። በሩን የከፈቱልን ወይዘሮ አጸደ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሥረው ነበር፤ ከኋላቸው የቋንጣ ፍርፍር ሽታ መጣ። ነገሪ አየኝ። እኔ ሜትሩን ከቦርሳዬ አወጣሁ።

መጀመሪያ እንለካ አልኳቸው። ፈቀዱልን። ወለሉ ላይ የተለጠፈው የፒቪሲ ፕላስቲክ በየጥጉ ተነስቷል። ነገሪ ጠርዙን ገልጦ ከሥሩ ያለውን ሲሚንቶ በመዶሻው እጀታ እያንኳኳ ከሳሎን እስከ በረንዳው በር በጉልበቱ ሄደ። በረንዳው ጋ ሲደርስ ውሃ ልኩን አስቀመጠና ጠራኝ። ወለሉ ወደ ውስጥ አዘንብሏል፤ ክረምት ላይ ዝናቡ ወደ ሳሎን የሚገባው ለዚህ ነው። ሴራሚኩ ከመነጠፉ በፊት እዚያ ላይ ሲሚንቶ ተሞልቶ መስተካከል አለበት። ሴራሚኩ ሲገባ ደግሞ ወለሉ ከፍ ስለሚል የመኝታ ቤቶቹ በሮች ከሥር ካልተላጉ አይከፈቱም። እኔ እጽፋለሁ፣ እሱ ይለካል። ወይዘሮ አጸደ የማድ ቤቱ በር ላይ ቆመው ሲያዩን ቆዩና፣ ዝናቡን እኔ የመስኮቱ ጥፋት ነው ብዬ ስንቴ አስመረግሁት አሉ።

ለክተን ስንጨርስ ሰባት ሰዓት ሆኖ ነበር። ትሪው ጠረጴዛው ላይ ቀርቦ ጠበቀን።

እንቸኩላለን አልኩ። ሌላ ቤት አለብን አልኩ። ሁለቱም አልሠራም።

"ተስፋለም ይሙት፣ ሳትቀምሱማ አትወጡም" አሉ።

ልጃቸውን ገድለው ሲያበቁ የሚባል ነገር የለም። ነገሪ እንደገና አየኝ፤ ከዚያ እጅጌውን ጠቀለለ። ወይዘሮ አጸደ በማንቆርቆሪያ አስታጠቡት። ገና አንድ ጊዜ ሳይጎርስ ራሳቸው ጠቅልለው አጎረሱት፤ ሁለተኛውንም አስከተሉ። ከዚያ በኋላ ብር የሚባል ቃል ከነገሪ አፍ እንደማይወጣ አወቅሁ። እሱም ያወቀ ይመስለኛል፤ አንገቱን አቀርቅሮ ቶሎ ቶሎ ይበላ ጀመር።

"ነይ እንጂ ልጄ" አሉኝ።

"ጾም ነኝ" አልኩ።

ማንቆርቆሪያውን እንደያዙ ቆሙ። ወሩ ጥር ነው፤ ቀኑ ማክሰኞ። ገበታው ላይ ያለው ሥጋ ነው፤ የሚጾም ቀን ቢሆን በዚያ ቤት አይሠራም ነበር። ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጡና ከፊቴ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

ሰው ቤት መብላት ከተውኩ ቆይቷል። ያን ቀን ግን ጾም ነኝ ያልኩት ብሩን ለመጠየቅ እንዲቻለኝ ብቻ ነው።

ነገሪ በልቶ ሲጨርስ የጻፍኩትን አነበብኩላቸው። ሳሎኑን፣ መኝታ ቤቶቹን፣ የበረንዳውን በር ሙሌት፣ የበሮቹን መላጊያ፣ የዕቃውንና የእጅ ዋጋውን ለየብቻ። በጥሞና አዳመጡ። ከተስፋለም ጋር ተመካክረው እንደሚደውሉልን ነገሩኝ። እንዲህ የሚሉ ሰዎች አብዛኞቹ አይደውሉም።

"የዛሬው ልኬት ክፍያ አለው፤ ለተስፋለም ነግሬው ነበር" አልኩ። "ሥራውን ከሰጡን ከዋጋው ይቀነሳል።"

ነገሪ እጁን በሶፍት እየጠረገ ወለሉን ያይ ጀመር። ተለክቶ ያለቀውን ወለል።

"ለማየታችሁ?" አሉ ወይዘሮ አጸደ።

"ለመለካታችን።"

"ስትለኩት ወለሉ አለቀ እንዴ?"

"ወለሉማ አለ። ያለቀው ቀኑ ነው።"

ትንሽ ፈገግ አሉ። ፈገግታው ግን አልቆየም። ቀና ብለው አዩኝ።

"ካዛንቺስ ሳለን አንድ ልዑልቃል የሚባል ሰው ነበር። ሁለት ጊዜ መጥቶ ለክቶልኛል። አምስት ሳንቲም አልጠየቀኝም።"

ነገሪ ሶፍቱን ጨበጠው። ወይዘሮ አጸደ ማን እንደሆንኩ አላወቁም፤ ልጃቸው የሰጣቸው የሱቁን ስልክ ብቻ ነው። ዝም ብዬ ማለፍ እችል ነበር። ዕዳ እንዳለባቸው የሚያስመስል ነገር መናገርም እችል ነበር።

"ባለቤቴ ነው" አልኩ። "እሱ ይበላ ነበር።"

ከታች የመኪና ጥሩምባ ይሰማል። ወይዘሮ አጸደ "ነበር" ያልኩትን ሰምተዋል። ተነሡና ወደ መኝታ ቤት ገቡ። ነገሪ እኔን እንዳያይ በረንዳው ጋ ሄዶ አንድ ጊዜ ያነሳውን ውሃ ልክ መልሶ አስቀመጠ።

ሲመለሱ ብሩን አጥፈው በእጄ አስያዙኝ። እንዳይቆጠር አድርገው እጄን በሁለት እጃቸው ጨመቁት።

"እስከ መቼ ነው የምትጾሚው?" አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

"አልወሰንኩም።"

"እንግዲህ በርቺ" አሉ። ሌላ አልጠየቁም። ስለ ልዑልቃልም አላነሡም፤ ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

ደረጃውን ስንወርድ ነገሪ መሣሪያውን ትከሻው ላይ አድርጎ ከፊት ይሄዳል። ሁለተኛው ፎቅ ላይ አንዲት ሴት ምንጣፍ በደረጃው መደገፊያ ብረት ላይ ሰቅላ ትደበድባለች፤ አቧራው እስኪያልፍ ቆመን ጠበቅን። መንገዱ ዳር ወጥተን ታክሲ መጠበቅ ስንጀምር ብሩን ለሁለት ከፍዬ ድርሻውን ሰጠሁት። ሳያየው ኪሱ ከተተው።

"ማክሰኞ እኮ ነው ዛሬ" አለ።

"አውቃለሁ።"

"እሳቸውም አውቀዋል።"

"አዎ።"

አንድ ታክሲ ሞልቶ አለፈ። ነገሪ የመዶሻውን እጀታ በጣቱ ይነካካል። እዚያ ቤት ምን እንደተሰማው ልጠይቀው አልፈለግሁም፤ እሱም የኔን አልጠየቀኝም። ጋሼ ልዑል ቢያይሽ ኖሮ ብሎ ይጀምራል ብዬ ፈርቼ ነበር። አላለም።

"ሐሙስ ቄራ የምናየው ቤት አለብን" አለ በመጨረሻ። "ሴትየዋን አውቃታለሁ። ሳታበላ የምትለቅ ሰው አይደለችም።"

"አንተ ብላ" አልኩት።

"አንቺስ?"

"እኔ ጾም ነኝ።"

"ሐሙስም?"

"ሐሙስም።"

ራሱን ነቀነቀ፤ የሳቀ መሰለኝ። ወደ ኡራኤል የሚሄድ ታክሲ ሲቆም ረዳቱ መጣራት ጀመረ። ነገሪ እጄ ላይ የቀረውን ሜትር ተቀበለኝና ከውሃ ልኩ ጋር ቦርሳው ውስጥ አስገባው። ከዚያ እንድገባ በሩን ያዘልኝ።